መብራት ሲጠፋ የተሰማው ድምፅ

የበኩር ልጄ ከዩኒቨርሲቲ ለእረፍት ወደ ጭሮ ሲመጣ ከፍላሽ ብዙም የማይበልጥ ዕቃ ይዞ መጣ። «ሬዲዮ ነው» አለን። አባቴ አገላብጠው አዩትና «ጣቢያ መፈለጊያው የታል? ድምፁስ በየት ይወጣል?» ብለው ጠየቁት። «ሁሉም ኮምፒውተሩ ውስጥ ነው፣ አባባ» አላቸው። ዕቃው ሞገዱን ወደ ቁጥር ይለውጣል፤ ጣቢያ የሚመርጠውም ድምፅ የሚያወጣውም ሶፍትዌሩ ነው።

ልጄ መስማት የፈለገው የአማተር ሬዲዮ ሰዎችን ነው፤ ለንግድ ሳይሆን ለዕውቀትና ለትውውቅ ሲሉ በአጭር ሞገድ የሚነጋገሩትን። ኤፍኤም በጭሮ ዙሪያ ያሉት ተራሮች ያግዱታል፤ አጭር ሞገድ ግን ሽቅብ ወጥቶ ከሰማይ ነጥሮ ስለሚመለስ ሩቅ ይደርሳል። ከርካሾቹ መቀበያዎች ብዙዎቹ አጭር ሞገድ ስለማይቀበሉ የሚቀበለውን መርጦ ገዝቷል። ከጣሪያው እስከ ግቢው ዛፍ ሽቦ ወጠረ። ሦስት ቀን ሙሉ ግን የሰማነው እንደ ንብ ቀፎ የሚያጉረመርም ጩኸት ብቻ ነበር። «ገንዘብህን ሜዳ ላይ በተንከው» ብዬ ተቆጣሁት። አንገቱን ደፋ።

በአራተኛው ቀን ማታ መብራት ጠፋ። ኮምፒውተሩ በባትሪው ቀጠለ፤ ጩኸቱ ግን ከመብራቱ ጋር አብሮ ጠፋ። በ7 ሜጋኸርዝ ላይ አንድ ሰው የጥሪ ምልክቱን እየደጋገመ ሲጣራ ጥርት ብሎ ተሰማን። ምልክቱ በ«አይ» ፊደል ስለሚጀምር ጣሊያናዊ መሆኑን ልጄ ነገረን። አባቴ ሳቁ። «እኔም ድሮ ሬዲዮዬን ከረጅሙ ነጭ አምፖል ሥር አላስቀምጥም ነበር። ዕቃው ምን አደረገ? የሚጮኸው ቤታችን ነው» አሉ።

መብራት ሲመለስ አያትና የልጅ ልጅ እየዞሩ የተሰካውን ሁሉ አንድ በአንድ ነቀሉ። ዋናው ጥፋተኛ የኮምፒውተሩ የራሱ ቻርጀር ሆኖ ተገኘ፤ ቀጥሎ የሳሎኑ ኤልኢዲ አምፖል። አሁን ልጄ ቀን ባትሪውን ይሞላል፤ ማታ ሲያዳምጥ ቻርጀሩን ይነቅላል። መቀበያውን በማራዘሚያ ገመድ ከኮምፒውተሩ ያርቃል፤ ሽቦውንም ከቤቱ ራቅ አድርጎ ሰቅሎታል።

ሰሞኑን ደግሞ «የሚያስተላልፈውን ልግዛ» ማለት ጀምሯል። እዚህ ላይ ግን አልተስማማሁም። ለማስተላለፍ ፈቃድና የጥሪ ምልክት ያስፈልጋል። ጣጣውም ይበዛል፤ የሚተላለፈው ሞገድ በገመዱ ተመልሶ ኮምፒውተሩን ሊያደርቀው ይችላል፤ ሶፍትዌሩ እስኪያሰላም ድምፁ ይዘገያል። አዲስ አበባ 5 ኪሎ፣ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቱ ውስጥ፣ «ኢቲ3ኤኤ» የሚባል የአማተር ሬዲዮ ክበብ ጣቢያ አለ። መጀመሪያ ከእነሱ ይማር ብያለሁ።

ለተቆጣሁት ግን ይቅርታ ጠይቄዋለሁ። ቻርጀሩን ሳልነቅል በልጄ ላይ ፈርጄ ነበር። አባቴ ግን ዛሬ መብራት በጠፋ ቁጥር አያማርሩም። «ልጁን ጥሩት፣ ሰዓቱ ደርሷል» ይላሉ።