ለሠራተኛ ልጃገረዶች የተከፈተ ወንዝ

በለንደን ከተማ፤ ሐመርስሚዝ በሚባለው ሰፈር፤ በቴምዝ ወንዝ ዳር አንድ የጀልባ ቀዛፊዎች ማኅበር ይገኛል። ከብዙዎቹ መካከል ይህን መርጠን ለአንባቢዎቻችን መናገራችን ስለ አመሠራረቱ ነው።

በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ የእንግሊዝ ታላላቅ የቀዘፋ ማኅበራት በእጁ ሥራ የሚያድረውን ሰው ከውድድራቸው ያገልሉ ነበር። ክንዱ በሥራ የጠነከረ ስለ ሆነ ከጨዋ ልጅ ጋራ መወዳደር አይገባውም ይሉ ነበር፤ ይህን ስንሰማ ሳቃችን ይመጣል። ለሴቶችማ በሩ የባሰ የጠበበ ነበር።

ፍሬደሪክ ጀምስ ፈርኒቫል የተባሉት ሊቅ፤ ለታላቁ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ከደከሙት አንዱ፤ ይህን ደንብ አጥብቀው ተቃወሙት። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1896 ዓ.ም.፤ በ71 ዓመታቸው፤ ለልጃገረዶች ብቻ የሚሆን የቀዘፋ ማኅበር አቋቋሙ። ከገቡትም መካከል በሻይ ቤት ቆመው ሲያስተናግዱ የሚውሉ ነበሩበት። እያንዳንዳቸው በሁለት እጃቸው ሁለት መቅዘፊያ ይዘው ወንዙን ይወጡ ነበር፤ እሑድ እሑድም ሽማግሌው ራሳቸው አብረዋቸው ይቀዝፉ ነበር።

በየቤታችን ሳምንቱን ሙሉ ሠርተው የሚገቡ ሴቶች ልጆች አሉን፤ እሑድም እጥበቱና ምጣዱ ይጠብቃቸዋል። እኛ እናትና አባት የሆንን ሰዎች ያቺ አንዲት ቀን ምን ያህል ውድ እንደ ሆነች እናውቃለን።

ወንዶች ወደ ማኅበሩ የገቡት በ1901 ነው። ሊቁ በ1910 ሲሞቱ ሠራተኛውን የሚያገልለው ደንብ ገና ነበረ፤ የተሻረው በ1937 ነው። ማኅበሩ ዛሬ በስማቸው ይጠራል፤ ሴቱም ወንዱም ይቀዝፉበታል።