ውሻው አልጋ ላይ ይውጣ?

በስዊዘርላንድ ልጆች የሚያሳድጉ ኢትዮጵያውያን ሲገናኙ ከትምህርት ቤትና ከቤት ኪራይ ወሬ ቀጥሎ የሚነሣ አንድ ጉዳይ አለ። ልጅ ውሻ ይጠይቃል፤ ከብዙ ድርድር በኋላ ውሻው ይመጣል፤ ወር ሳይሞላው አልጋ ላይ ወጥቶ ከልጁ እግር ሥር ማደር ይጀምራል። በዋሊሰለን በምንኖርበት ቤትም የሆነው ይኸው ነው። እናቴ ነገሩን በስልክ በሰማች ጊዜ የሰጠችው ፍርድ አጭር ነበር፤ «ምነው ልጄ፣ ውሻ ከሰው አልጋ?» ልጄ በበኩሏ የክፍል ጓደኞቿን ስም አንድ በአንድ እየጠራች ሁሉም ከውሾቻቸው ጋር እንደሚተኙ አስረዳች።

አያት ስለ ንጽሕና፣ የልጅ ልጅ ስለ ፍቅር ትሟገታለች ብሎ ክርክሩን የባህል ግጭት አድርጎ ማለፍ ቀላል ነው። እኔ ግን ሁለቱም የሚናገሩት ስለ አንድ ነገር ይመስለኛል፤ እያንዳንዳቸው ያደጉበት አገር ለውሾቹ ጤና ስላደረገውና ስላላደረገው ነገር።

እናቴ ባደገችበት በጎጃም ገጠር ውሻ የሌሊት ሠራተኛ ነው። ቀን ጥላ ሥር ያንቀላፋል፣ ማታ አጥር ጥግ ሆኖ ይጮኻል፤ አልጋ ላይ የተገኘ ውሻ ሥራውን የተወ ውሻ ነው። ከዚህም በላይ የእብድ ውሻ በሽታ አለ። በአዲስ አበባ ወረርሽኙ ከተመዘገበበት ከ1903 ወዲህ (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በሽታው አገሪቱን ለቆ አያውቅም። በዓለም ላይ በየዓመቱ 59,000 ያህል ሰው እንደሚገድል ይገመታል፤ በሽታው ወደ ሰው ከሚተላለፍባቸው አጋጣሚዎች 99 በመቶ የሚሆኑት ከውሻ የመጡ ናቸው፤ ተጠርጣሪ እንስሳ ከሚነክሳቸው ሰዎች መካከል 40 በመቶው ከ15 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ናቸው። በኢትዮጵያ ብቻ በዓመት 2,700 ገደማ ሰው እንደሚሞት ግምቶች ያሳያሉ። ምልክቱ አንዴ ከታየ ደግሞ መዳን የለም ማለት ይቻላል። የእናቴ ትውልድ የሚያውቀው ክትባት ከበግ አንጎል የሚዘጋጅ፣ ቀናት ሙሉ በየዕለቱ የሚወጋ ነበር፤ የዓለም ጤና ድርጅት ይህ ዓይነቱ ክትባት እንዲቀር ከ1980ዎቹ ጀምሮ ሲመክር ቆይቷል። እንዲህ ባለ ሁኔታ ልጅን ከውሻ ማራቅ አጉል ልማድ አይባልም። ሌላ መከላከያ በሌለበት ሰው በእጁ የነበረው እሱ ብቻ ነበር።

ወደ አልጋው ስንመጣ የሕክምናው መልስ ለዘብ ያለ ነው። ብሩኖ ሾሜል እና ቤን ሰን የተባሉ ተመራማሪዎች በ2011 ባሳተሙት ዳሰሳ ከቤት እንስሳት ጋር በመተኛት፣ በመሳሳምና በመላስ የተላለፉ በሽታዎችን ሰብስበው መርምረዋል። ቁንጫ የሚያመጣቸው ሕመሞች፣ በተላሰ ቁስል የሚገቡ ባክቴሪያዎች፣ የአንጀት ትላትል በዝርዝሩ ውስጥ አሉ። አደጋው እውነተኛ ቢሆንም ብዙ ጊዜ የሚያጋጥም አይደለም፤ ይበልጥ ሊጠነቀቁ የሚገባቸው ሕፃናትና የመከላከል አቅማቸው የተዳከመ ሰዎች ናቸው። የእብድ ውሻ በሽታም አብሮ በመተኛት ሳይሆን በንክሻ፣ ወይም ምራቁ የተላጠ ቆዳና ቁስል ሲነካ የሚተላለፍ ነው። በ2017 በሜዮ ክሊኒክ የተደረገ አነስተኛ ጥናት ደግሞ ውሻው በክፍሉ ውስጥ ቢያድር የባለቤቱ እንቅልፍ ብዙም እንደማይጎዳ፣ አልጋው ላይ ሲወጣ ግን እንቅልፉ እንደሚጓደል አሳይቷል። ለእኔ ይህ በቂ ምክንያት ነበር፤ ልጄን ግን አላሳመናትም።

በዙሪክ አካባቢ ችላ የማይባለው ሌላ ነው። ጀርመንኛ ተናጋሪዎቹ የቀበሮ ትል ይሉታል፤ እኛ ኮሶን የምናውቅ ሰዎች የቀበሮ ኮሶ ብንለው ያስኬዳል። ትሉ በቀበሮ አንጀት ይኖራል፤ እንቁላሉ ከዓይነ ምድሩ ጋር ሣር ላይ ይወድቃል፤ የሜዳ አይጥ ትበላዋለች፤ አይጧን ቀበሮ ወይም ውሻ ይበላታል። ውሻው አብዛኛውን ጊዜ ምንም አይሆንም፤ እንቁላሉ ግን ከጠጉሩ ወደ ሰው እጅ፣ ከእጅ ወደ አፍ ሊሻገር ይችላል። በሰው ጉበት ውስጥ እንደ ነቀርሳ ቀስ እያለ ያድጋል፤ ምልክቱ የሚታየው ከ5 እስከ 15 ዓመት ቆይቶ ነው። ቆርጦ ማውጣት ካልተቻለ አልቤንዳዞልን ለዓመታት፣ አንዳንዴም ዕድሜ ልክ መውሰድ ግድ ይላል።

ትሉ የበረታበት ምክንያት ፖሊሲ የሚያጠና ሰው ሁሉ ሊያውቀው ይገባል። የእብድ ውሻ በሽታ በቀበሮዎች አማካይነት ስዊዘርላንድ የገባው በ1967 ነበር። በ1978 በቫሌ ካንቶን፣ በሮን ወንዝ ሸለቆ፣ ክትባት የተቀበረባቸውን የዶሮ ራሶች ለቀበሮ በመበተን በዓለም የመጀመሪያው የሜዳ ሙከራ ተደረገ፤ በ1999 አገሪቱ ከበሽታው ነፃ መሆኗ ታወጀ። ከዚያ ቀበሮው በዛ፣ ከተማም ገባ። በቀበሮ ኮሶ የሚያዙ ሰዎች ቁጥር ከ1993 እስከ 2000 በነበረው ጊዜ ከ100,000 ሰው በዓመት 0.10 ገደማ ነበር፤ ከ2001 እስከ 2005 ባሉት ዓመታት ወደ 0.26 አደገ። አሁንም እጅግ ጥቂት ነው። ግን አንዱ ድል ለሌላው ችግር መንገድ ጠርጓል፤ ከዋሊሰለን ወጣ ሲባል ባለው ደን አይጥ የሚያሳድድ ውሻ ካላችሁ ነገሩ ከመኝታ ቤታችሁ የራቀ አይደለም። መፍትሔው በየወሩ የሚሰጥ ፕራዚኳንቴል ነው።

የዚሁ ትል ዘመድ የሆነው ሌላው ዝርያ በደቡብ ኦሞ በኛንጋቶም፣ ከድንበሩ ማዶ ደግሞ በኬንያ ቱርካና ሰዎች ጉበት ላይ ውሃ የቋጠረ ትልቅ እባጭ ያወጣል። በአርብቶ አደሩ ጎጆ ውሻ ከቤተሰቡ ጋር ያድራል፤ ውሃ እምብዛም የለም፤ በግ ሲታረድ የታመመው ጉበትና ሳንባ ለውሻው ይጣላል። በቱርካና ከ1983 ጀምሮ የተካሄደው የመከላከል ሥራ ውሻውን ከጎጆ በማስወጣት ላይ አላተኮረም። ውሾቹን መድኃኒት መስጠትና የእርድ ተረፈ ምርትን ከእነሱ ማራቅ ነበር ሥራው። ውሻው የት ተኛ ከሚለው ይልቅ ምን በላ፣ ማንስ አከመው የሚለው ይበልጥ ይመዝናል።

ስዊዘርላንድ ውስጥ ውሻ አድራሻ አለው። ማይክሮቺፕ ከቆዳው ሥር ይቀበራል፤ በአገር አቀፉ መዝገብ ይገባል፤ ባለቤቱ በየዓመቱ የውሻ ግብር ይከፍላል። ከአገር ለማይወጣ ውሻ የእብድ ውሻ ክትባት ዛሬ ግዴታ እንኳ አይደለም። በኢትዮጵያ ብዙው ውሻ ባለቤት አለው፣ አድራሻ ግን የለውም። የዓለም ጤና ድርጅትና አጋሮቹ በ2030 በውሻ ንክሻ የሚመጣውን ሞት ዜሮ ለማድረስ ያወጡት ዕቅድ የቆመው ከውሾቹ 70 በመቶውን በመከተብ ላይ ነው። ከቤቴ በባቡር ሦስት ሰዓት ያህል በሚርቀው ጄኔቭ መቀመጫው የሆነው ጋቪ ከ2024 ጀምሮ ለተነከሱ ሰዎች የሚሰጠውን ክትባት ለመደገፍ በር ከፍቷል። ይህ መልካም ነው፤ ነገር ግን የሰው ክትባት የጤና ሚኒስቴሮች በጀት ሲሆን የውሻ ክትባት የእርሻና የእንስሳት ዘርፍ ጉዳይ ተብሎ ይቀራል። ውሻው የማንም በጀት አይደለም። ለሰው ክትባት የሚሟገቱ ባለሙያዎቻችን የውሻውንም በዚያው ጠረጴዛ ላይ ቢያነሡት ደስ ይለኛል። በባሌ ተራሮች ቀይ ቀበሮን ደጋግሞ የፈጀው በሽታም የመጣው ከእነዚሁ ካልተከተቡ ውሾች ነው።

በኔ ቤት ውሻው የራሱን ምንጣፍ አግኝቶ ከልጄ አልጋ ሥር ያድራል፤ ክኒኑ በየወሩ ይሰጠዋል፤ ከደን ሲመለስ ይታጠባል። ይበልጥ የሚያሳስበኝ የሚቀጥለው የጎጃም ጉዞ ነው። ባየችው ውሻ ሁሉ አንገት ላይ የምትጠመጠም ልጅ ናት፤ በአያቷ ግቢ ያለው ውሻ ደግሞ ማንንም አቅፎ አያውቅም። ስለዚህ ከጉዞው ከወር በፊት የሐኪም ቀጠሮ ይዘናል፤ ሁለት መርፌ በአንድ ሳምንት ልዩነት ትወስዳለች። ከዚያ በኋላ ብትነከስ ቁስሉ ወዲያው በሳሙናና በውሃ ለ15 ደቂቃ ይታጠባል፤ ተጨማሪ ክትባትም ያስፈልጋታል። የማያስፈልጋት በክፍለ ሀገር ሆስፒታል እምብዛም የማይገኘው ኢሚዩኖግሎቡሊን ነው።