ሰባት ቤት

በከላላ ክረምቱ ሲበረታ፣ ደብተሬን ይዤ ከአያቴ ምድጃ ዳር እቀመጥ ነበር። አንድ ማታ የቤት ሥራችን ሀ³ × ሀ⁴ ነበር፤ እኔም ሦስትን በአራት አባዝቼ ሀ¹² ብዬ ጻፍኩ። መምህሩ በቀይ ሰረዙት። «መሠረቱ አንድ ሲሆን ርቢ ይደመራል እንጂ አይባዛም» አሉ። ለምን እንደሆነ ግን አልገባኝም።

ምክንያቱን ያገኘሁት ከዓመታት በኋላ፣ ታላቅ ወንድሜ ሊያገባ ሽማግሌዎች ሰባት ቤት ሲያስቆጥሩ ነው። ማንም ሰው ሁለት ወላጆች አሉት። ሦስት ትውልድ ወደ ላይ ብወጣ 2³፣ ማለትም 8 ቅድመ አያቶች አገኛለሁ። ከእያንዳንዳቸው ደግሞ አራት ትውልድ ብወጣ 2⁴፣ ማለትም 16 ሰዎች አሉ። 8 × 16 = 128፤ ይህም 2⁷ ነው። ሰዎቹ ሲባዙ ትውልዶቹ ይደመራሉ፤ ሦስትና አራት ሰባት። ርቢ ለካ የመውለድ ቃል ነው!

አባቴ እስከ ሰባተኛው አባት ድረስ ሳይደናቀፍ ቆጠረ። ሲጨርስ አያቴ ከምድጃው ዳር ሆና፣ «የእናቶቹንስ ማን ይቁጠር?» አለች። መልስ የሰጣት አልነበረም። እኔም አልጠየቅኋትም።

ዛሬ አያቴ የለችም። የእናቷን ስም አውቃለሁ፤ የአያቷን ግን አላውቅም። በሰባተኛው ቤት ከሚቆሙት 128 ሰዎች በእጄ ያለው አንድ ስም ብቻ ነው፤ እርሱም የወንድ። ስሌቱን አሁን አልሳሳትም። ስሞቹን ግን ማንን ልጠይቅ?