የዓሣው እርሾ

ለፋሲካ ቤት ሳጸዳ የልጅ ልጄን ሦስት ዓሦች ገደልሁ። ሲጠይቀኝ ደግሞ «ብርዱ ነው» አልሁት። ደብረ ማርቆስ ላይ በብርድ ማሳበብ ቀላል ነው፤ ማንም አይከራከርም። ልጁ ግን አሥራ ሁለት ዓመቱ ነው፣ ስለ ዓሦቹ ከእኔ የበለጠ ያውቃል። «ወርቅማ ዓሣ እኮ ቀዝቃዛ ውኃ ይችላል እማማ» ብሎኝ ወደ ክፍሉ ገባ።

አምስቱን ዓሦች ከነመስታወት ገንዳቸው ከአዲስ አበባ ያመጣለት አጎቱ ነው። ሁለት ወር ደህና ኖሩ። በሕማማት ሰሞን ቤቱን ስገለባብጥ የማጣሪያውን ስፖንጅ አወጣሁት፤ ቡናማ ሆኗል፣ ያሟልጫል። ሠላሳ አራት ዓመት በነርስነት ሳገለግል መርፌ ቀቅያለሁ፣ አውቶክሌቭ አጠገብ ቆሜያለሁ፣ ወለል በበረኪና አስወልውያለሁ። ያንን ዝልግልግ አይቼ የማልፍ ሰው አይደለሁም። ስፖንጁን በረኪና ውስጥ ዘፈዘፍሁት፣ ጠጠሩን ቀቀልሁት፣ ሁሉንም ደጋግሜ አለቅልቄ መለስሁ። ገንዳው አበራ። በአራተኛው ቀን ዓሦቹ አፋቸውን ከውኃው በላይ እያወጡ ማለክለክ ጀመሩ።

ልጄ ውጭ አገር ነው የምትኖረው። ቤቷ ውስጥ የባሕር ውኃ ገንዳ አላት፤ ቀይ ባሕር ውስጥ እንዳለው ዓይነት ኮራል፣ ድንጋይ የሚመስል ግን ሕይወት ያለው ፍጡር ታሳድግበታለች። ስደውልላት መጀመሪያ የጠየቀችኝ «እማዬ፣ ስፖንጁን በምን አጠብሽው?» ብላ ነው።

ዓሣ በስንጥቡ አሞኒያ ያወጣል፤ የተረፈው ምግብም ሲበሰብስ አሞኒያ ይሆናል። ለዓሣ መርዝ ነው። ስፖንጁ ላይ ከተለጠፉት ባክቴሪያዎች አንዳንዶቹ አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ሌሎቹ ናይትራይቱን ጉዳቱ በጣም ወደሚያንሰው ናይትሬት ይለውጡታል። ሰርጌይ ቪኖግራድስኪ የተባለ ሳይንቲስት እንዲህ ያሉትን ባክቴሪያዎች እ.ኤ.አ. በ1890 ከአፈር ለይቶ አውጥቷል። ናይትራይት ሄሞግሎቢን ኦክስጅን እንዳይሸከም እንደሚያደርግ እኔም በትምህርት ቤት ተምሬዋለሁ። ከስፖንጅ ጋር ግን አላገናኘሁትም።

ልጄ አዲስ ገንዳ ስትጀምር ሕያው ባክቴሪያ በጠርሙስ ገዝታ ትጨምራለች። አንዳንዶች ባክቴሪያው እንዲራባ ቮድካ በጠብታ ይሰጡታል አለችኝ፤ ሲራባ ናይትሬቱን ይበላላቸዋል። አረቄ ለዓሣ! ጎረቤት ብትሰማ ምን ትለኝ?

«እዚህ ጠርሙሱን ከየት አመጣለሁ?» ስላት ሳቀች። «እርሾ ሲያልቅብሽ ምን ታደርጊያለሽ?»

እበደራለኋ። ከቡሆው ላይ የሚቀዳው ቢጫ ውኃ ለሚቀጥለው ሊጥ ይቀመጣል፤ ከጠፋም ጎረቤት አለ። የቡሆ ዕቃዋን በበረኪና የምታጥብ ሴት በዕድሜዬ አላየሁም።

ባሕር ዳር የቆየ ገንዳ ያለው ዘመድ አለን። ከስፖንጁ ቁራሽ ቆርጦ፣ ከራሱ ገንዳ ውኃ ጋር ላስቲክ ውስጥ አድርጎ፣ ለአየር ቦታ ትቶ በአውቶብስ ላከልን። ከደረቀ ወይም አየር ካጣ ይሞታል። ለልጁ «ማጣሪያው ተዳክሞ ነው» አልሁት፤ ሁለተኛ ውሸት።

ባክቴሪያዎቹ እንደ ሊጥ በሁለት ሦስት ቀን አይደርሱም። ቀስ ብለው ነው የሚራቡት፣ ብርድ ደግሞ ያዘገያቸዋል። (ስለዚህ ብርዱም ጨርሶ ንጹሕ አይደለም፤ ይህን ግን ለራሴ ማመካኛ አላደርገውም።) ስድስት ሳምንት ምግብ ቀነስን፣ በየሁለት ቀኑ የውኃውን ሩብ ቀየርን። የቧንቧው ውኃ ክሎሪኑ እንዲወጣ በባልዲ ተከፍቶ ያድራል። መብራት ሲጠፋ ማጣሪያው ይቆማል፤ ያኔ ልጁ አየር እንዲገባበት ውኃውን በኩባያ እየቀዳ ከፍ አድርጎ መልሶ ያፈሰዋል።

አንድ ማታ በሻማ እንዲህ ሲያፈስ አጠገቡ ተቀምጬ ነበር። ጤና ጣቢያ ሳለሁ መድኃኒት ተሳስታ የደበቀች ጀማሪ ባገኝ አልምራትም ነበር።

«ብርዱ አይደለም» አልሁት። «ስፖንጁን በበረኪና ያጠብሁት እኔ ነኝ።»

ማፍሰሱን አላቆመም። «አንቺ ነርስ አይደለሽ እንዴ?»

«ነርስ ስለሆንሁ ነው እኮ።»

እስኪነጋ አላናገረኝም።

ሁለቱ ዓሦች ዛሬም አሉ። ስፖንጁን አሁን የሚያጥበው እሱ ነው፤ በወር አንድ ጊዜ፣ ከገንዳው በተቀዳ ውኃ፣ ጨመቅ ጨመቅ አድርጎ። እኔ ባልዲ እይዝለታለሁ። በረኪናዬን የት እንደደበቀው እስካሁን አልነገረኝም።