«የትኛው እግር?»

እማዬ ቡና ባፈላች ቁጥር አንድ ጥያቄ አይቀርም። «ትልቋ ልጅሽ እንዴት ናት? አሜሪካ ምን ነበር የምትሠራው?» እማዬም ሲኒውን እያቀበለች «ሆስፒታል ነው፤ ኮምፒውተር ላይ» ትላለች። ከዚያ በኋላ ሁሉም የመሰለውን ይዞ ይሄዳል። አንዷ ጎረቤታችን ለዕድርተኛው ሁሉ «ዶክተር ሆናለች» ብላ አውርታለች። የአጎታችን ልጅ ደግሞ «ኮደር ነሽ አሉ» ብሎ የሞባይል መተግበሪያ እንድትሠራለት ጠይቋታል።

እኔም ብሆን የተሻለ መልስ አልነበረኝም። ቢዝነስ ተምሬ በማርኬቲንግ ኦፊሰርነት የምሠራ ሴት ነኝ፤ አንድን ዕቃ በሁለት መስመር ለሕዝብ ማስረዳት እንጀራዬ ነው። የገዛ እህቴን ሥራ ግን በሁለት መስመር ማስረዳት አልችልም ነበር። እውነቱን ልንገራችሁና፣ ለማወቅም አልጓጓሁም። ዶላር ስትልክ አመሰግናለሁ፣ ልደቷ ሲደርስ እደውላለሁ፤ በቃ።

አምና ሐምሌ ላይ ግን ነገሩ ተቀየረ።

ቅዳሜ ማታ ነው። አባዬ 68 ዓመቱ ነው፤ ስኳርና ደም ግፊት አብረውት መኖር ከጀመሩ ቆይተዋል። የዚያን ቀን ከሰዓት በኋላ ብርድ ብርድ ብሎት ጋቢውን ተከናንቦ ተኛ። ራትም እምቢ አለ። እየመሸ ሲሄድ የሚሰጠን መልስ ከጥያቄያችን ጋር የማይገናኝ ሆነ። እማዬ ደንግጣ ካልሲውን ስታወልቅለት ከትንሿ የእግር ጣቱ ሥር ቁስል አገኘች። አባዬ ቁስሉን ደብቆን አልነበረም፤ ስኳር የእግርን ስሜት ቀስ እያለ ስለሚወስድ እሱ ራሱ አላወቀውም።

ታናሽ ወንድሜን ቤት ትተን እኔና እማዬ ይዘነው ወደ አንድ የግል ሆስፒታል በረርን። የድንገተኛ ክፍሉ ሐኪም ወጣትና ትሑት ነው። «የሚወስዱት መድኃኒት ምንድን ነው?» ብሎ ጠየቀን። እማዬ «ጠዋት ነጯን፣ ማታ ቢጫዋን ክኒን» አለች። «ስኳር እንዳለባቸው ከታወቀ ስንት ዓመት ሆነ?» እኔ አሥር አልኩ፤ እማዬ አሥራ አራት አለች። «የማይስማማቸው መድኃኒት አለ?» ተያየንና ሁለታችንም በአንድ አፍ «የለም» አልን።

ይህቺን «የለም» ያዙልኝ።

ከኮሪደሩ ወጥቼ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ለምትኖረው እህቴ ደወልኩ። እኛ ዘንድ ከምሽቱ 4 ሰዓት፣ እሷ ዘንድ ከቀኑ 9 ሰዓት ነበር። እያለቀስኩ «አባዬ እግሩ ቆስሎ፣ ራሱንም አያውቅም» አልኳት።

«የትኛው እግር?» አለችኝ።

እመኑኝ፣ ልጮህባት ምንም አልቀረኝም። «ምን ልዩነት አለው?»

«ግራ ነው ቀኝ?»

«ግራ!»

«እሺ። አሁን ቤት ያለውን የሕክምና ወረቀት በሙሉ ፎቶ አስነሺና ላኩልኝ። የደረሰኝ ጀርባም ቢሆን እንዳይቀር።»

ወንድሜ ቁም ሳጥን ውስጥ የተጠቀጠቀውን ፌስታል ዘርግፎ በቴሌግራም ይልክ ጀመር። የሦስት ጤና ተቋማት ካርድ፣ የደበዘዘ የላብራቶሪ ውጤት፣ ግማሹ የተቀደደ የመድኃኒት ማዘዣ፤ ከ40 በላይ ፎቶ ሆነ። ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ እህቴ ደወለች። «አንዱን ወረቀት በቀይ ከብቤ ልኬልሻለሁ። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ የሚወስነው እሱ ነው። አሁኑኑ አሳዪው።»

ወረቀቱ የስድስት ዓመት ዕድሜ ያለው ነው። አባዬ ጥርሱ መግሎ የታከመበት ክሊኒክ የሰጠው ነበር። ከግርጌው በሐኪም እጅ የተጻፈች አንዲት መስመር አለች፤ ፔኒሲሊን ከተወጋ በኋላ ሰውነቱ አብጦ ትንፋሽ እንዳጠረው፣ ዳግመኛም እንዳይሰጠው ትናገራለች። እማዬ ስትሰማ አፏን በእጇ ያዘች። «ውይ በሞትኩት! ያኔ ፊቱ ያበጠው? እኔ ከጥርሱ ነው ብዬ!»

ሐኪሙ ለቁስሉ ያዘዘው መድኃኒት ከፔኒሲሊን ወገን ነበር። ነርሷ እያዘጋጀች ሳለ አስቆማትና በሌላ ቀየረው። ወረቀቱን ደግሞ አነበበና «እንኳን አመጣችሁት» አለ። አባዬ ዘጠኝ ቀን ተኝቶ፣ ትንሿን የእግር ጣቱን አጥቶ፣ በሕይወት ቤቱ ገባ።

ነፍሳችን መለስ ካለች በኋላ፣ አንድ እሑድ ለእህቴ ደወልኩና «አሁን ሥራሽን ንገሪኝ፤ ከመጀመሪያው» አልኳት። የነገረችኝን ላካፍላችሁ።

እህቴ እዚህ አካውንቲንግ ተምራ ነው በዲቪ የሄደችው። መጀመሪያ የመኪና ማቆሚያ ገንዘብ ተቀባይ ነበረች፤ ቅዳሜና እሑድ አረጋውያንን ትንከባከባለች። ማታ ማታ የሕክምና ኮዲንግ ትማር ጀመር። የሰውነት ክፍሎችን፣ የበሽታ ስሞችንና የመድኃኒት ዓይነቶችን በባዕድ ቋንቋ ካጠናች በኋላ የሙያ ፈተናው መጣ፤ 100 ጥያቄ፣ አራት ሰዓት። መጽሐፍ ገልጦ መፈተን ይፈቀዳል፤ ችግሩ መጽሐፎቹ እንደ ጡብ የወፈሩ መሆናቸው ነው። አንዴ ወደቀች። ለእኛ አልነገረችንም። በሁለተኛው አለፈች። ከዚያ በኋላም «ልምድ የለሽም» እየተባለች ወራት ተንከራታለች፤ አዲስ ያለፈ ሰው ልምዱን እስኪያስመዘግብ ድረስ ምስክር ወረቀቱ ላይ «ለማጅ» የሚል ምልክት ይለጠፍበታልና።

ሥራው ምንድን ነው? ሐኪም በሽተኛውን አክሞ የጻፈውን ማስታወሻ ታነባለች፤ በሽታውንና የተደረገለትን ሕክምና ወደ ኮድ ትቀይራለች። የአባዬን ነገር ምሳሌ አድርጋ አስረዳችኝ። ደም ግፊት «አይ 10» ነው። ዓይነት 2 ስኳር ከእግር ቁስል ጋር ሲሆን «ኢ 11.621» ይሆናል። በዚህ አያበቃም፤ ቁስሉ የት እንደሆነና ምን ያህል እንደጠለቀ የሚናገር ሌላ ኮድ ይከተላል። እዚያ ላይ የግራ እግርና የቀኝ እግር ኮዳቸው ይለያያል። «ለዚህ ነው የጠየቅኩሽ። ሐኪሙ እግር ብቻ ብሎ ከጻፈ እጄ አይንቀሳቀስም። ልማድ ሆኖብኝ ነው፤ ይቅርታ» አለችኝ። ያን ማታ ልጮህባት የነበርኩት እኔ ምን ልበል?

የፔኒሲሊን ነገርም ኮድ አለው፤ «ዚ 88.0»። የአባዬን ወረቀቶች ስታገላብጥ ዓይኗ ያቺን መስመር ያላለፋት፣ በየቀኑ ይህንኑ ስለምትፈልግ ነው።

አሜሪካ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2015 ወደ አሥረኛው የኮድ ዝርዝር ስትሸጋገር፣ የበሽታ ኮዶቹ ከ14 ሺህ ገደማ ተነስተው ወደ 70 ሺህ ገደማ ደርሰዋል። በየዓመቱ ጥቅምት 1 ላይ አዲስ ይጨመራል፣ አሮጌ ይወጣል፤ ስለዚህ ትምህርቷ አያልቅም። በዳክዬ ለተመታ ሰው ሳይቀር ኮድ አለው! ይህንን ስትነግረኝ ሁለታችንም እስክናነባ ሳቅን።

ዝርዝሩ ራሱ የቆየ ነው። መነሻው ፈረንሳዊው ዣክ ቤርቲዮን ያዘጋጀውና እ.ኤ.አ. በ1893 ቺካጎ ላይ ተቀባይነት ያገኘው የሞት ምክንያቶች መዝገብ ነው። ከ1948 ወዲህ የሚመራው የዓለም ጤና ድርጅት ሲሆን፣ አሥራ አንደኛው እትም ከ2022 ጀምሮ ሥራ ላይ ውሏል። አንድ አገር ስንት ሰው በስኳር፣ ስንት ሰው በወባ እንደታመመ የሚያውቀው አንድ ሰው ቁጭ ብሎ በትክክል ስለመዘገበ ነው። እዚህ አገራችንም ከካርድ ክፍል መስኮት ጀርባ፣ ወረፋው ሲረዝም የምንቆጣቸው የጤና መረጃ ባለሙያዎች የሚሸከሙት ይህንኑ ኃላፊነት ነው።

እኔን ግን ከቁጥሩ ይልቅ የገረመኝ የሥራው ሕግ ነው። እኔ ቢሮ ውስጥ አንድን ብስኩት «ልዩ»፣ «ተወዳጅ»፣ «የቤተሰብ ምርጫ» ብዬ ባገዝፈው አለቃዬ ያመሰግነኛል። እህቴ ግን አንዲት ቃል መጨመር አትችልም። የላብራቶሪው ቁጥር ኩላሊት መድከሙን ቢያሳይ እንኳ ሐኪሙ በሽታውን በስሙ ካልጻፈው እሷ አትጽፈውም። ለሐኪሙ ጥያቄ ትልካለች፤ ጥያቄውም መልሱን የሚያስገድድ እንዳይሆን ተጠንቅቃ። ክፍያው የሚመጣው በኮዱ ስለሆነ፣ በሽታውን አውቆ አክብዶ መጻፍ ማጭበርበር ነው፤ በሕግ ያስጠይቃል። አሳንሶ መጻፍም የሠራውን ሆስፒታል ይጎዳል፤ የበሽተኛውንም ታሪክ ያጎድላል። በሙያው የሚዘወተር አንድ አባባል አለ፦ ያልተጻፈ ነገር አልተደረገም።

ይህን አባባል ስሰማ ያቺ «የለም» ያልናት መልስ ትዝ አለችኝ። አባዬ በፔኒሲሊን መታመሙ ለሁላችንም «ያልተደረገ» ሆኖ ነበር። አይተነዋል፣ ደንግጠንበታል፣ ከዚያም ረስተነዋል። ያልረሳችው አንዲት መስመር ናት። ያን ቀን ድካም ሳይበግረው ከወረቀቱ ግርጌ የጻፋትን ሐኪም ፊቱን አላስታውሰውም፤ ግን እስከ ዛሬ አመሰግነዋለሁ።

ስለ ሥራው ያወራኋቸው ጓደኞቼ ሁሉ «እኔም ልማር፣ ከቤት ሆኖ በዶላር አይደል?» ይሉኛል። እህቴን ጠየቅኳት። ሥራው ከቤት መሠራቱ እውነት ነው። ነገር ግን የእሷ ፈተና በአሜሪካ የክፍያ ሕግ ላይ የተመሠረተ ነው፤ ምስክር ወረቀቱ ብቻውን እዚህ ሆኖ ሥራ አያስገኝም። የበሽተኛ ምስጢር የሚጠበቅበት ሕግም ጥብቅ ነው፤ እህቴ በሥራ ሰዓት የራሷን ልጅ እንኳ ክፍሏ አታስገባም። ስለዚህ ለማንኛውም ኮርስ ብር ከመክፈላችሁ በፊት «ከዚህ ተምሮ ሥራ ያገኘ ማን ነው? የት?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ ከተድበሰበሰ ብራችሁን በኪሳችሁ ያዙ።

ኮደር መሆን ባያስፈልገንም ለቤተሰባችን መጻፍ ግን እንችላለን። እኛ ቤት ያ ፌስታል ተጥሏል። በምትኩ አንድ ደብተር አለ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ የአባዬ በሽታዎች ሐኪም በጻፈው ስማቸውና ከታወቁበት ዓመት ጋር ተጽፈዋል። ቀጥሎ መድኃኒቶቹ አሉ፤ «ነጯ» ተብለው ሳይሆን በስማቸው፣ በሚሊግራማቸውና በሚወሰዱበት ሰዓት። ከላይ በቀይ እስክሪብቶ «ፔኒሲሊን አይሰጠው» ይላል። ሐኪም ጋ በሄደ ቁጥር ቀኑ፣ ቦታውና የተባለው ይጻፋል። የገጾቹ ፎቶ በሁላችንም ስልክ ውስጥ አለ።

ከሐኪም ክፍል ከመውጣታችን በፊትም «የበሽታው ስም ምንድን ነው? እባክዎ ይጻፉልኝ» እንላለን። ከሆስፒታል ስንወጣ የማጠቃለያውን ወረቀት ሳንቀበል ደጁን አንረግጥም። መጀመሪያ ድፍረት መስሎ ይከብድ ነበር። እስካሁን ግን የተቆጣን ሐኪም አልገጠመንም፤ እንዲያውም ደብተሩን ሲያዩ ደስ ይላቸዋል። ዛሬ ማታ ሁለት ገጽ ብትጽፉ ከግማሽ ሰዓት በላይ አይወስድባችሁም። ወላጆቻችሁ የረሱትን ለማስታወስ ከምትቸኩሉበት ሌሊት በፊት ጻፉት።

ባለፈው እሑድ ቡና ተፈልቶ ተሰብስበን ነበር። ያቺ እህቴን ዶክተር ያደረገቻት ጎረቤታችን ጉልበቷን እያሻሸች «ይሄ እግሬ ሰሞኑን እንቅልፍ ነሳኝ» አለች።

እማዬ ልትቀዳ ያነሳችውን ጀበና መልሳ አስቀመጠች።

«የትኛው እግርሽ?» አለቻት። «ግራው ነው ቀኙ? መቼ ጀመረሽ? አንቺ ልጅ፣ እስኪ ወረቀት አምጪላት።»