የሐረሯ ፔጆ፦ አርባ ዓመት ያገለገለች መኪና ስትታደስና ስትሸጥ



ከድሬዳዋ ሐረር ያለው ርቀት ከሃምሳ ኪሎ ሜትር ጥቂት ቢያልፍ ነው። ነገር ግን መንገዱ ከቆላው ተነስቶ በደንገጎ ጠመዝማዛ ዳገት ከ2,000 ሜትር በላይ ይወጣል፤ ደርቆ ቆይቶ በቅርብ ዓመታት ውሃ የተመለሰለትን የሐረማያን ሐይቅ ያልፋል፤ በአወዳይ ገበያ መሐል ሰንጥቆም ሐረር ያደርሳል። በዚህ ዳገት ላይ ለብዙ አሥርት ዓመታት ሰውና ዕቃ ስታመላልስ የኖረች አንዲት የመኪና ዓይነት አለች፤ ፔጆ 404።

በዚህ ክረምት የትምህርት ቤት እረፍታችንን ምክንያት አድርገን፣ በልጅነታችን አብሮን የቀራ ወንድማችንን ለመዘየር ወደ ሐረር ሄደን ነበር። የሄድነው ለዚያራ ቢሆንም በቤተሰቡ ውስጥ አንዲት መኪና ስትታደስና ስትሸጥ ለማየት በቃን። ከከተማዋ ጋር አያይዘን ያየነውን እነሆ! (ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ፈረስ የተሸጠበት አደባባይ

ጥንታዊቷን ሐረር የከበበው የጁገል ግንብ በ16ኛው ክፍለ ዘመን በአሚር ኑር ዘመን የተሠራ ነው። ርዝመቱ ሦስት ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ሲሆን አምስት ጥንታዊ በሮች አሉት። ዩኔስኮ በ2006 በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። አምስቱ በሮች የእግረኛና የጭነት እንስሳ በሮች ነበሩ፤ ዛሬ መኪና በሰፊው የሚገባበት የሐረር በር የተጨመረው ከብዙ ዘመን በኋላ ነው።

በዚያ በር ገብቶ ቀጥ ብሎ የሄደ ሰው ፈረስ መጋላ ይደርሳል። ትርጉሙ የፈረስ ገበያ ማለት ነው። ዛሬ ፈረስ አይሸጥበትም፤ ፈረሱ ሲሄድ መኪና ቦታውን ወርሷል። ከዚያ ወደ ጊድር መጋላ የሚወርደው ቀጭን መንገድ ደግሞ መኪና ግርግር ይባላል። እንግዳ ሰው ስሙን ሲሰማ የአውቶሞቢል ግርግር ይመስለዋል። ስሙ ግን የመጣው በግራና በቀኝ ተደርድረው ከሚሠሩት የልብስ ሰፊዎች የስፌት መኪና ድምፅ ነው።

ፔጆ ለምን ሐረርን መረጠች?

ፔጆ 404 በፈረንሳይ አገር በ1960 ለሽያጭ ቀርባ በዚያው አገር እስከ 1975 ተሠርታለች። ቅርጿን የነደፈው ታዋቂው የኢጣሊያ ድርጅት ፒኒንፋሪና ነው። ጣሪያዋ ሸራ የሆነና ወደ ኋላ የሚታጠፍ እህትም ነበረቻት፤ ያቺ እስከ 1968 የተሠራች ስትሆን ዛሬ በአውሮፓ አሮጌ መኪና ሰብሳቢዎች ዘንድ በውድ ዋጋ ትፈለጋለች። የሐረር ታክሲ የሆነችው ግን ጣሪያዋ ድፍን፣ በሯ አራት የሆነችው ናት።

የጅቡቲ ባቡር ድሬዳዋ የገባው በ1902 ነው፤ ጅቡቲም እስከ 1977 በፈረንሳይ እጅ ነበረች። ስለዚህ የፈረንሳይ ዕቃ ለዚህ አካባቢ ሩቅ አልነበረም። ጥንካሬዋ ደግሞ በአህጉራችን የተፈተነ ነው፤ በምሥራቅ አፍሪካ የሳፋሪ የመኪና ውድድር በ1963፣ በ1966፣ በ1967 እና በ1968 አንደኛ የወጣችው ይህችው 404 ናት።

ሞተሯ 1,618 ሲሲ ሲሆን በ45 ዲግሪ ወደ ጎን ያጋደለ ነው። የሲሊንደሮቿ ውስጠኛ ቱቦ እየወጣ የሚቀየር በመሆኑ፣ ሲበላ ሞተሩን በሙሉ መጣል አያስፈልግም። ማርሿ ከመሪው ሥር ነው፤ ባትሪዋ ሲደክም በማኖቬላ ትነሳለች። አንድ ድክመት ግን አላት። ለብቻው የቆመ ሻንሲ የላትም፤ ሸክሙን የሚችለው ገላዋ ራሱ ነው። ወለሏና ከበሮቿ ሥር ያለው ላሜራ በዝገት ከተበላ፣ ላይዋ ቢያምርም አጥንቷ ተሰብሯል ማለት ነው። ይህን ልብ በሉልን፤ እንመለስበታለን።

ዕድሳቱ

መኪናዋ የወንድማችን አጎት ናት። ስማቸው እንዳይጻፍ ስለጠየቁን ሐጂ እያልን እንቀጥላለን። ከአርባ ዓመት በፊት ከሌላ ሾፌር ገዝተዋት ስድስት ልጆች አሳድገውባታል። ዓይናቸው መድከም ሲጀምር፣ ማንም ሳያስገድዳቸው “የሰው ነፍስ በአደራ የያዘ ሰው አጥርቶ ማየት አለበት” ብለው ቁልፉን ግድግዳ ላይ ሰቀሉት። መኪናዋም ሁለት ዓመት ቆመች። በመጨረሻ ሊሸጧት ወሰኑ፤ ዋጋዋ ለመጨረሻዋ ልጃቸው የኮሌጅ ክፍያና ለሚያፈስሰው የቤታቸው ጣሪያ የታሰበ ነበር።

የቆመ መኪና ገዢ የለውምና አስቀድማ መታደስ ነበረባት። መካኒኩ ሞተሩን አውርዶ ፋሻውንና ጓርኒሲዮኑን ቀየረ፤ ካርቡራተሩን አጠበ፤ ፍሬኑን ከሥር አደሰ። አዲስ መለዋወጫ ስለማይገኝ፣ ብዙው ዕቃ ከሞቱ ፔጆዎች እየተነቀለ መጣ። የአንዷ ፓራፋንጎ፣ የሌላዋ መብራት፣ የሦስተኛዋ ኮፈን በአንዲት መኪና ላይ ተገናኙ። የወንበሯን ልብስ የሰፋው የመኪና ግርግር ልብስ ሰፊ ነው፤ ሐጂም “መኪና ለመኪና ሰፋላት” ብለው ሳቁ። ቀለሟም እንደ ጥንቱ ሰማያዊና ነጭ ሆነ።

ባትላሜራው ግን ምንጣፉን ሲያነሳ ከኋላ ወንበር ፊት ያለው ወለልና በቀኝ በኩል ከበሩ ሥር ያለው ላሜራ ተበልቶ አገኘው። ቆርጦ አዲስ ላሜራ ለመበየድ ብዙ ገንዘብ ያስፈልጋል። ገንዘቡ ደግሞ አልቋል።

ሽያጩ

የአሮጌ መኪና ዋጋ በአገራችን ወጥቷል። በ2020 የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ግብር ጣለ፤ በ2024 ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለ። ስለዚህ ወሬው እንደተሰማ አንድ ደላላ ከአዲስ አበባ የመጣ ገዢ ይዞ ደረሰ። ሰውየው መኪናዋን ለሠርግ ሊያከራያት ፈልጓል፤ የጠራው ዋጋም ጥሩ ነበር።

ደላላው ሐጂን ወደ ጎን ወስዶ “ቀዳዳው በስቱኮ ይሞላና ቀለም ይቀባ። አጎንብሶ የሚያይ የለም” አላቸው። ሐጂም “እኔ አይቼዋለሁ” አሉት። ትልቁ ልጃቸው ተጨነቀ። “አባ፣ ሁሉም ሰው እንዲህ ነው የሚሸጠው። ጣሪያችንስ?” አለ። ልጁ ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ክረምቱ ገብቶ እናቱ በየማዕዘኑ ባልዲ ስታስቀምጥ ስላየ ነው።

ሐጂ መልስ ሳይሰጡ ገዢውን ጠርተው ምንጣፉን በገዛ እጃቸው አነሱለት። ገዢው ዝገቱን አየ፤ አመሰገነ፤ ሄደ።

እኛም ለልጁ በመድረሳ የቀራነውን አስታወስነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በገበያ ሲያልፉ እጃቸውን እህል ክምር ውስጥ አስገብተው ከውስጡ እርጥበት አገኙ። ባለ እህሉ ዝናብ እንደነካው ሲነግራቸው፣ እርጥቡን ሰው እንዲያየው ለምን ከላይ እንዳላደረገው ጠየቁት፤ የሚያታልል ሰው ከእርሳቸው መንገድ እንዳልሆነም ተናገሩ። ሰውየው እህሉን ያረጠበው እርሱ አልነበረም፤ ዝናቡ ነው። ሐጂም ላሜራውን አላዛጉትም። ጥያቄው ግን ነውሩን ማን አመጣው ሳይሆን ማን ሸፈነው ነው። በፊቅህም ገዢው ተደብቆ የቆየ ነውር ካገኘ ዕቃውን የመመለስ መብት አለው።

ከአሥር ቀን በኋላ ከድሬዳዋ አንድ ወጣት መካኒክ መጣ። ካርቶን አንጥፎ ከመኪናዋ ሥር ገባ፤ ሩብ ሰዓት ቆይቶ ወጣ። ከመጀመሪያው ገዢ ዋጋ ስልሳ ሺህ ብር ቀንሶ ጠራ፤ “ብየዳውን እኔው እሠራዋለሁ” አለ። ተስማሙ። የኮሌጁ ክፍያ ሞላ፤ ጣሪያው ግን ለመጪው ዓመት ተላለፈ።

የጃቢር ግመል

በቤቱ ነደባ ላይ ተቀምጠው ውሉ ከመጻፉ በፊት ሐጂ ወደ እኛ ዘወር ብለው “ኡስታዝ፣ አንዲት ጁሙዓ በእርሷ ሄጄ እንድሰግድ በውሉ ላይ ይጻፍልኝ ወይ?” አሉን። ከብርና ከላሜራ ሁሉ ይልቅ ልባችንን የነካው ይህ ጥያቄ ነው።

ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ፣ ጃቢር ኢብኑ ዐብዲላህ (ረ.ዐ) በጉዞ ላይ ግመላቸው ደክሞ ነበር። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዱዓ ሲያደርጉለት ፈጠነ፤ ከዚያም እንዲሸጡላቸው ጠየቋቸው። ጃቢርም ሸጡላቸው፤ እስከ መዲና ድረስም እንደተቀመጡበት ሄዱ። መዲና ሲደርሱ ነቢዩ ዋጋውን ከፍለው ግመሉንም መለሱላቸው። ከዚህ በመነሳት ኢማሙ አሕመድ እንዲህ ያለውን ቅድመ ሁኔታ ፈቅደዋል። ሐረር የምትከተለው የሻፊዒ መዝሀብ ግን ቅድመ ሁኔታው በውል ውስጥ መግባት የለበትም፤ የጃቢር ነገር ከውል ውጪ የተደረገ ቸርነት ነው ይላል። ይህን ስንነግራቸው ሐጂ “እንግዲያውስ ይቅር” ብለው ፈረሙ፤ ሊብሬውንም አስረከቡ።

ወጣቱ ገንዘቡን ቆጥሮ ከጨረሰ በኋላ፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ “ሐጂ፣ ነገ ጁሙዓ አይደል? ጃሚዕ መስጊድ እኔ አደርስዎታለሁ” አላቸው።

ውድ ወጣቶች! አሮጌ ንብረት የምትሸጡ ከሆነ ሦስት ነገር ያዙ። አንደኛ፣ ነውሩን ከዋጋው በፊት ተናገሩ። ሁለተኛ፣ ዕውቀት ያለውን ሰው ለገዢው ጥሩለት እንጂ አትደብቁበት። ሦስተኛ፣ ልባችሁ የወደደውን ነገር ለሚንከባከበው ስጡ፤ ለዚህ ስትሉ የምትተዉት ገንዘብ ኪሳራ አይደለም። ሐረር የሄዳችሁም እንደሆነ ፔጆዎቹ እየቀነሱ፣ ባጃጁ እየበዛ ነውና ሳያልቁ ተሳፈሩባቸው፤ ሹፌሮቹንም ስለ መኪናቸው ጠይቋቸው።

አላህ ሪዝቃችንን ሐላል፣ ንግዳችንን በረካ ያድርግልን። ወላሁ አዕለም።