ቀድሞ የደረሰ ባል

በዚህ መጽሔት ስለ ትዳር ስናነሳ ብዙ ጊዜ ስለ ገንዘብ፣ ስለ ልጆችና ስለ ዘመድ እንነጋገራለን። እኔ ዛሬ የማወጋችሁ ስለ ብስክሌት ነው። አትሳቁ! በአህያ አፍ የተናገረ አምላክ እኔን ደግሞ በጠጠር መንገድ ላይ፣ በሁለት ጎማ ተናግሮኛል።

ነገሩ የሆነው በጥቅምት ወር 1999 ዓ.ም. ነው። የምንኖረው ደብረ ብርሃን ሲሆን፣ ከተጋባን ሦስተኛ ዓመታችንን ይዘን ነበር። ከዚያ በፊት በነበረው ሰኔ የመጀመሪያ ልጃችን በስድስት ወሩ በማኅፀን ሞተብን። ወገኖች መጥተው አጽናኑን፤ ጸለዩልን፤ ሄዱ። ባለቤቴ ታለቅስ ነበር። እኔ ግን «እግዚአብሔር ያውቃል፤ ሌላ ይሰጠናል» ብዬ በሁለተኛው ሳምንት ወደ ሥራዬና ወደ አገልግሎቴ ተመለስኩ። ሰዎች «እንዴት ያለ እምነት ነው!» ሲሉኝ ደስ ይለኝ ነበር። ቤታችን ግን ጭር አለ። እንበላለን፤ እንጸልያለን፤ እንተኛለን። አንነጋገርም።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት «አንኮበር በብስክሌት እንሂድ» አልኳት። ባሕር ዳር ያደገች ስለሆነች ብስክሌት ከልጅነቷ ታውቃለች። ነገር ግን ባሕር ዳር ሜዳ ነው። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ወደ አንኮበር የሚወስደው 40 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ደግሞ ከዚያም ከፍ ይላል። ያን ጊዜ መንገዱ ጠጠር ነበር።

የጠጠር መንገድ የራሱ ሕግ አለው። ጎማው በጣም ከተነፋ በየድንጋዩ ላይ ይነጥራል፤ ስለዚህ ትንሽ አየር ማስተንፈስ ይገባል። በቁልቁለት የፊቱን ፍሬን በድንገት የያዘ ሰው በመሪው ላይ ተሻግሮ ይወድቃል። ፍጥነት የሚቀነሰው ኩርባው ውስጥ ሳይሆን ኩርባው ከመድረሱ በፊት ነው። ከሁሉም በላይ ግን ነፋሱ አለ። ነፋስ ከፊት ሲመጣ የፊተኛው ለኋለኛው መከታ ይሆናል፤ የኋለኛውም ድካም በጣም ይቀልላል። ይህ የሚሆነው ግን ሁለቱ ሲቀራረቡ ብቻ ነው። የፊተኛው ርቆ ከሄደ፣ የቱንም ያህል ጠንካራ ቢሆን፣ ለኋለኛው ምንም አይጠቅምም።

ይህን ሁሉ አውቅ ነበር። ከመነሳታችን በፊትም ለባለቤቴ እንደ አስተማሪ ሆኜ አስረድቻታለሁ።

ከከተማው ስንወጣ ገብሱና ባቄላው፣ የድንጋይ ቤቶቹ፣ በመስኩ የተሰማሩት በጎች ደስ ይሉ ነበር። እየተጫወትን ነዳን። ዳገቱ ሲጀምር ግን ሰውነቴ ሟሟቀና ጥያት ሄድኩ። «ከላይ ሆኜ እጠብቃታለሁ» አልኩ በልቤ። አፋፉ ላይ ስደርስ ከቆላው፣ ከአፋር በኩል፣ ጉም እየተንከባለለ ይወጣ ነበር። ጭላዳዎች ሣሩን ይነጫሉ። በስተ ሰሜን ጽዱ፣ ዝግባውና ኮሶው የሞላበት የወፍ ዋሻ ደን ያለበት ተራራ ይታያል። «ጌታ ሆይ፣ ሥራህ እንዴት ድንቅ ነው!» ብዬ ጮኽኩ። ከዚያም ይህን የምነግረው ሰው ፈልጌ ዘወር አልኩ። ማንም አልነበረም።

ሃያ ደቂቃ ጠበቅኩ። አልመጣችም። ጉሙ መንገዱን ሸፈነው። ፍርሃት ያዘኝና ወደ ኋላ ተመለስኩ። ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል እንደወረድኩ አገኘኋት። ካቴናዋ ወልቆ፣ ጉልበቷ ተልጦ መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች። እንጨት ተሸክመው ይሄዱ የነበሩ አንዲት እናት ሸክማቸውን አውርደው፣ በነጠላቸው ጫፍ ደሟን ይጠርጉላታል። እኔን ሲያዩ «ልጄ፣ ያንተ ናት እንዴ?» አሉኝ። እንዲህ አፍሬ አላውቅም።

እሳቸው ከሄዱ በኋላ ባለቤቴ ቀስ ብላ ተናገረች።

«ጉልበቴን ተወው፤ ይድናል። በሰኔም ያደረግኸው ይህንኑ ነው። አንተ ደርሰህ ትጠብቀኛለህ፤ እኔ ገና ዳገቱ ላይ ነኝ።»

መልስ አልነበረኝም። አጠገቧ ተቀመጥኩ፤ ከሰኔ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜም አለቀስኩ። ለልጃችን ያሰብነው ስም ነበረን። ያን ቀን ስሙን ሁለታችንም ጠራነው።

ካቴናውን ገጠምኩና ተነሳን። ዳገቱን እሷ ከፊት ሆና በራሷ አቅም ወጣችው፤ እኔ ተከተልኩ። ነፋስ ሲመጣ እኔ ከፊት ሆንኩ፤ ነገር ግን ትንፋሿ እስኪሰማኝ ድረስ ቀርቤ። አንኮበር የደረስነው ካሰብነው ሰዓት በጣም ዘግይተን ነው። ግን አብረን ደረስን።

አንኮበር የሸዋ ነገሥታት መቀመጫ እንደነበረች ታውቃላችሁ። የወንጌል መልእክተኛው ዮሐን ሉድቪግ ክራፕፍም በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን፣ ከ1839 እስከ 1842 እ.ኤ.አ. በሸዋ ቆይቷል። የአማርኛውን መጽሐፍ ቅዱስ በማረም የደከመ ሰው ነው። ከሸዋ ከወጣ በኋላ በ1842 ሮዚና የምትባል እህት አገባ፤ እሷን ይዞ ሊመለስ ቢነሳም መንገዱ ተዘጋበት። በዚያ ጉዞ፣ በምፅዋ አካባቢ በረሃ ላይ፣ ሴት ልጅ ተወለደችላቸው፤ ብዙም ሳትቆይ ሞተች። አባቷ የሰጣት ስም አማርኛ ነው፤ «እንባ» አላት። በ1844 ደግሞ ሮዚናና ሁለተኛዋ ሕፃን ሞምባሳ ላይ ሞቱ።

ይህን ታሪክ ያነበብኩት ከጉዟችን ከዓመታት በኋላ ነው። አንብቤ ስጨርስ መጽሐፉን ዘግቼ ዝም አልኩ። ያ ሰው በእምነቱ ከእኔ የሚያንስ አልነበረም። ሆኖም ኀዘኑን በስሙ ጠራው እንጂ ዘልሎት አልሄደም።

ወንድሞቼ ሆይ፣ ዘፍጥረት 33ን አንብቡ። ዔሳው አብረን እንሂድ ሲለው፣ ያዕቆብ ልጆቹ ደካሞች፣ እንስሶቹም የሚያጠቡ መሆናቸውን ነግሮት፣ በእነርሱ እርምጃ መጠን ቀስ ብሎ መሄድን መረጠ። ያዕቆብ ብዙ ጉድለት የነበረበት ሰው ነው፤ ይህን ግን ያውቅ ነበር። እኛ ባሎች ራስ ነን ስንል ብዙ ጊዜ ከፊት መሄዳችንን ብቻ እናስባለን። ከፊት መሆን መከታ ለመሆን ካልሆነ ምን ይረባል? እህቶቼ ሆይ፣ እናንተም ስትቀሩ ዝም ብላችሁ አትቅሩ። ባለቤቴ ያን ቀን ባትናገር ኖሮ እኔ ዛሬም አፋፉ ላይ ቆሜ ስለ እምነቴ እዘምር ነበር።

ጌታ በኋላ ሁለት ልጆች ሰጥቶናል፤ ስሙ ይባረክ። ይህን የጻፍኩት ግን ስለዚያ አይደለም። ልጅ እየጠበቁ ያሉም፣ የማይሰጣቸውም ባልና ሚስቶች በመካከላችን አሉና። እኛን ያዳነን ልጅ መውለዳችን ሳይሆን አብረን ማልቀሳችን ነው።

በክልሉ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በተነሳው ግጭት ብዙ ቤት አዝኗል። ለዚያ አገር ሰላም ጸልዩ። ነጠላቸውን ለማያውቋት ልጅ ያቆሸሹትን እናት ባሰብኩ ቁጥር እኔም እጸልያለሁ።

እስከዚያው ዛሬ ማታ፣ ልጆች ከተኙ በኋላ፣ የትዳር ጓደኛችሁን አንድ ነገር ጠይቁ፦ «የትኛው ዳገት ላይ ጥዬሽ ሄድኩ? የቱ ላይ ጥዬህ ሄድኩ?» መልሱ ሲመጣ ለመከራከር አትቸኩሉ። ብስክሌታችሁን አዙሩና ተመለሱ።

ጌታ ትዳራችሁን ይባርክ።